የመኪያ ቁልፎች

ባለሱቁ ስምዖን ብር ላዘርዝር በሚል ሰበብ አስፋልቱን ተሻግሮ መኪያ ሱቅ ገባ። ዓይኑ ግን ከጀርባዋ የተንጠለጠሉት ቁልፎች ላይ ነበር። ጠዋት ከሰበታ ወደ አዲስ አበባ ሥራ የሚሮጠው ጎረቤት ሁሉ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እንዲወስዱት የቤቱን ቁልፍ እሷ ጋ ያስቀምጣል፤ ማታ ሲገባ ዳቦና ዘይቱን ከዚያው ይገዛል። ስምዖን ይህን ከማዶ ባየ ቁጥር እርር ድብን ይል ነበር። የሷ ዘይት ከሱ ዘይት በምን ይሻላል?

ድንገት በቀይ ክር የታሰረ ቁልፍ አየ። ክሩን ያውቀዋል።

«ይሄ የማን ነው?»

«የእናንተ ነዋ!» አለች መኪያ እየሳቀች። «ባለቤትህ ናት የሰጠችኝ። ‹ባሌ እንደሆነ ሱቁ በር ላይ አደራ አንቀበልም ብሎ ለጥፏል› አለችኝ።»