የትብለጥ የእንቁጣጣሽ ማዕድ

ትብለጥ ከሰው አገር በተመለሰች በወሩ እንቁጣጣሽ ደረሰ። ጡት አስጥላት የሄደችው ልጇ ማህደር አክስቷ ዘንድ አድጋ፣ እናቷን እንደ እንግዳ «አንቱ» ትላታለች። ትብለጥም ልጅቷን በእጇ ሙያ ወደ ራሷ ለማቅረብ አስባ፣ በየአሠሪዎቿ ቤት የተማረችውን የዓለም ምግብ ሁሉ ለበዓሉ ልትሠራ ተነሳች። የቤይሩቱን ታቡሌ ሰላጣ፣ የዱባዩን በእርድ የደመቀ የብርያኒ ሩዝ፣ የኢስታንቡሉን ሩዝ የተሞላ ቃሪያ፣ አንዱንም አላስቀረች።

በበዓሉ ቀን ጠረጴዛው በቀለም አሸበረቀ። አክስትየዋ ሳትቀር «ይሄ ሁሉ ያንቺ እጅ ነው?» እያለች ተደነቀች። ማህደርም ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሯን ወደ እናቷ ጠጋ አደረገች።

«እማዬ፣» አለቻት። ትብለጥ ይህን ቃል ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ከሁሉ የሚጣፍጠው የቱ ነው? አንቺ ከምትወጂው ልጀምር።»

ትብለጥ ጭልፋውን አነሳች። ሳህኖቹን ተራ በተራ አየቻቸው።

«እኔ እንጃ ልጄ፤» አለች፣ «በልቻቸው አላውቅም። የምትቀምሰው ማዳም ነበረች።»