ጂፑን እንደ በቅሎ ያሰሩት ለታ

«ሳቡ!» አሉ የወታደሮቹ የቅርብ አለቃ፣ ሽማግሌው ሱበዳር። ሃያ ወታደር አንድ ላይ ሳበ፤ ጂፑ ግን ንቅንቅ አላለም። ገመዱ ከጂፑ አፍንጫ ላይ ውልቅ አለና የበቅሎ ጓዝ ጦሩ ጀግኖች፣ ልብሳቸው ተተኩሶ ጫማቸው ተወልውሎ፣ በጀርባቸው ጭቃው ላይ ተዘረሩ።

ሻለቃ ኢላ ናውቲያል በአበባ ባጌጠው ጂፕ ላይ እንደቆመች ቀረች። አንገቷ ላይ የብጫ አበባ ጉንጉን፣ ኪሷ ውስጥ ስልኳ አለ። መኮንን ሲሰናበት ሞተር አይነሳም፤ ሲያዛቸው የኖሩት ሰዎች በገመድ ስበው እስከ በሩ ይሸኙታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሌሎችን ስባ ሸኝታለች፤ ዛሬ ተራው የእሷ ነው።

ስልኳ ላይ ያለው መልእክት እስከ እኩለ ቀን መልስ ይፈልጋል። ያመለከተችበት የንግድ አስተዳደር ትምህርት ቤት ተቀብሏታል፤ «እመጣለሁ» ካላለች ቦታዋን ለተጠባባቂ ይሰጡታል። የእህቷ ባል ደግሞ በትውልድ ከተማቸው ካለው ስኳር ፋብሪካ የጥበቃ ኃላፊነት አግኝቶላታል። እዚያም ዩኒፎርም አለ፣ ሰላምታ አለ፣ የእናቷም ቤት ቅርብ ነው። ለእኩለ ቀን ሃያ ደቂቃ ቀርቷል።

እውነቱን ለመናገር ፈርታለች። ለትምህርት ቤቱ ቃለ መጠይቅ ስትቀርብ አንዲት ባለመነጽር ሴትዮ «እርስዎ ሲሄዱ ምን ይቀራል?» ብለዋት ነበር። ከእሷ በፊት የገቡት ወጣቶች ስላቋቋሙት ድርጅት ሲያወሩ በመጠበቂያው ክፍል ሰምታለች። እሷ ግን «መቶ ሃያ ሰውና ሦስት መቶ በቅሎ ነበረኝ። ስሄድ በማግስቱ ሌላ መኮንን ይተካኛል፤ ምንም አይቀርም» ብላ ወጣች። እንዴት እንዳለፈች እስካሁን አልገባትም። አዝነውልኝ ነው ብላለች ለራሷ። በሠላሳ አራት ዓመቷ በእዝነት የተገኘ ወንበር ላይ መቀመጥ ደግሞ ያማል።

«ማነው ያሰረው?» ሱበዳር ማንግሳ ራም ነጭ ጢማቸው ተቆጣ።

በጦሩ ውስጥ ምላሱ የማያርፈው ቢርቡ ከጭቃው ብድግ አለ። «እኔ ነኝ፣ ሳሂብ» አለ፤ «ጌታዬ» ማለቱ ነው።

«ጂፕና በቅሎ አይለይህም?»

«እኔማ ይለየኛል፣ ሳሂብ። እጄ ነው ያልለየው። ዓይኔ ደግሞ እንባ ሞልቶት ነበር።»

ሃያውም ሳቁ። ኢላም ሳቀች፤ ጎንበስ ብላም ገመዱን አየች። የበቅሎ ቋጠሮ ነው፤ አንዱ ጫፉ ሲሳብ ይጠብቃል፣ ሌላው ሲሳብ ይፈታል። በጥድፊያ ሁለቱንም ጫፍ ይዘው ስበዋል።

ቋጠሮውን በደንብ ታውቀዋለች። በመጣች በሁለተኛው ዓመት ከወንዙ በላይ ባለው ቀጭን መንገድ አንዲት በቅሎ አዳለጣት፤ በማይፈታ ቋጠሮ ታስራ ነበርና ከኋላዋ ያሉትን ሁለቱን ይዛ ገደል ገባች። ያን ዕለት ኢላ በማንግሳ ራም ፊት መሬት ላይ ቁጭ ብላ «የሚፈታውን ያስተምሩኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ጦሩን ዓይን እያስጨፈነች፣ በበረዶ ጓንት እያስወለቀች፣ እስኪሰለቿት ድረስ ቋጠሮውን አሳሰረቻቸው።

«አዋረዱን» አሉ ማንግሳ ራም ወደ ጂፑ ጠጋ ብለው። «አሁን በማይፈታው አሳስረዋለሁ፣ ሻለቃ።»

«ቆይ፣ ሳሂብ። ቢርቡ የመጣው አምና አይደል? እኔ አላስተማርኩትም።»

«ጓዱ ዳልቢር ይሆናል ያስተማረው።»

«ዳልቢርንስ?»

«እኔ ምኑን አውቃለሁ! እዚህ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። ከናታቸው ጡት ጋር የጠቡት ነው የሚመስለው።»

«ይህን ቋጠሮ ከያዝን ወዲህ ስንት በቅሎ ገደል ገባብን?»

ሽማግሌው አሰቡ። «ወድቋል፣ ለምን ይዋሻል። ሌላውን ይዞ የወደቀ ግን አንድም የለም።»

ኢላ ቢርቡን አየችው። ለባለመነጽሯ ሴትዮ ያጣችው መልስ ሱሪው ጭቃ ሆኖ ፊቷ ቆሟል።

«የእርስዎ ነው እኮ፣ ሳሂብ» አለች ቀስ ብላ። «ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ሃያ ሁለት ዓመት አውቀው ነበር፣ ሻለቃ፤ ለራሴ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ለመሆኑ የትምህርት ቤቱን ሰዎች ምን አሏቸው?»

«ፋብሪካው ይሻለኛል እያልኩ ነበር። የጥበቃው።»

«በሩ ላይ? በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች አሉ። ከኛ ተፈትተው እዚያ ሊታሰሩ?»

ሌላ ሰው ቢላት ትቆጣ ነበር። አሁን ግን ወደ ሃያዎቹ ዞረች። መኮንን ሆና የመጣችውን ሰው ያደረጓት እነዚህ ናቸው፤ ለአንዳቸውም በቅጡ አመሰግናለሁ አላለችም። ስልኳን አወጣችና «እመጣለሁ» ብላ ጻፈች። ላከችው።

«ቋጠሮው አይቀየር» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ቢርቡ፣ እንደገና እሰረው። ሰው ያደረጋችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ትክክለኛውን ጫፍ ሳቡ።»

«ጫፉንም እሳሳታለሁ ብለው ሰጉ፣ ሻለቃ?» አለ ቢርቡ፤ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ አሰረው።

ጂፑ በበቅሎ እርምጃ ተንቀሳቀሰ። በረቶቹን አለፉ፤ በአጥሩ ላይ ረጃጅም ጆሮዎች ተደርድረው አዩአቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ማንግሳ ራም የሚፈታውን ጫፍ አንስተው በሁለት እጃቸው አቀበሏት።

በሁለት ጣቷ ሳበችው። ቋጠሮው ያለ ድምፅ ተፈታና ገመዱ ከጂፑ ላይ ወርዶ መሬት ነካ። ሃያዎቹ ግን ሌላውን ጫፍ ገና አልለቀቁም ነበር።