አማርኛው ይውጣ

የሰው ጭንቅላት ከሦስት ቋንቋ በላይ አልይዝ ካለ ዓመታት አልፈዋል፤ አራተኛ የሚያስገባ ሰው አንዱን ያስወጣል። የኮምፒውተር ቋንቋም ይቆጠራል።

የወራቤዋ መምህርት ሙኒራ ለተማሪዎቿ የስልጥኛ መልመጃ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ልትሠራ ፈለገች።

«ፓይተን ይሻለኛል፣ ቶሎ ይለመዳል» አለችው ባሏን። «ግን የቱን ላስወጣ? ስልጥኛው ለልጆቹ ነው፣ ዐረብኛው ለቁርኣኔ።»

ባሏ ይማም የደሴ ሰው ነው፤ ከአማርኛ ሌላ አያውቅም። ቢሆንም «አማርኛው ይውጣ» አላት። «እኔና አንቺማ በዓይንም እንግባባለን።»

አማርኛው በወጣ ዕለት የዓይኑ ነገር እስከ ምሳ እንኳ አልዘለቀም። ውሃ በዓይኗ ስትጠይቀው ጨው አቀበላት፤ እንዳይከፋው ብላ ወጡ ላይ ነሰነሰችው። ሳምንቱን ሙሉ ጨው የበዛበት ወጥ በሉ።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ የመጀመሪያውን ወረቀት ይማም ፊት አስቀምጣ እርሳስ ሰጠችው። ዐሥር ሥዕሎች አሉ፤ ከየሥዕሉ ሥር የስልጥኛ ስሙ የሚጻፍበት ባዶ ቦታ። ውሃውን፣ ጨውን፣ ጫማውን እያየ አንዱንም ሳይሞላ ወረደ። ዐሥረኛው ላይ የሷ ፎቶ ነበር።

«ሙኒራ» ብሎ ጻፈ።

በቀይ እስክሪብቶ የልክ ምልክት አደረገችለት። ከዚያ ጣቷን ወደ ውሃው ሥዕል መልሳ ቃሉን ቀስ ብላ ነገረችው። ይማም ሁለት ጊዜ ደገመው፤ ተነስቶም ውሃ ቀዳላት።