ያገለገለው ዲስክ

ደበበ ጁባ ውስጥ ሠርግና ክርስትና የሚቀርጽ ካሜራማን ነው። ኮር ዊሊያም በሚባለው ሰፈር፣ ከባለቤቱ ከሀኒ ጋር በሚኖርበት ቤት ሳሎን ጥግ ላይ የጫማ ካርቶን የምታክል ሰርቨር አለችው። የዘጠኝ ዓመት ሥራው በሙሉ እዚያች ውስጥ ነው። በውስጧ ሁለት ዲስኮች አሉ። አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተርፍ፣ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነገር ይቀመጣል።

ሰኔ ላይ አንዱ ሞተ።

ሁለተኛው እስኪከተለው ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ደበበ በማግስቱ ገበያው ዳር ኮምፒውተር ወደሚሸጠው ወደ ማሂር ሄደ።

«አዲስ ማፊ! የለም!» አለው ማሂር ገና ከበሩ። «ባገኝልህም አትገዛውም። አምና በመቶ ሃያ ዶላር የወሰድከው ዘንድሮ አራት መቶ ገብቷል።»

«ምን ተገኝቶ?»

«ኤአይ ነዋ! ትልልቆቹ ኩባንያዎች ፋብሪካው ገና ያላመረተውን ሳይቀር ገዝተው ጨርሰውታል። ካምፓላ ያለው አስመጪ እንኳ ስልኬን ማንሳት ትቷል።»

ደበበ ሊወጣ ሲል ማሂር ጠራው። ከጠረጴዛው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ዲስክ አወጣ። ያገለገለ ነው፣ ግን ደህና ይሠራል። መቶ ዶላር።

«የማን ነበር?»

«ሰው ሸጦልኝ ነው።» ማሂር ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። «ቤትህ ስትደርስ ሳትከፍት አጥፋው፤ ያለበትን ሁሉ። ሰማኸኝ?»

ደበበ ግን የሰው ነገር ሳያይ የሚያጠፋ ሰው አልነበረም። ቤት ገብቶ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው። ፎቶ የለበትም፤ ከሁለት መቶ በላይ የድምፅ ቅጂ ብቻ። የመጀመሪያውን ነካው።

የሕፃን ልጅ ሳቅ ቤቱን ሞላው።

ሀኒ ከጓዳ ብቅ አለች። «ማን መጣ?»

ከተጋቡ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ልጅ የላቸውም። ሁለቱም ወንበር ስበው እስኪመሽ አዳመጡ። ልጅቷ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። በዓረብኛ እስከ አሥር ትቆጥራለች፣ ስድስትን ሁልጊዜ ትዘላለች። ከዶሮ ጋር ትጣላለች። ከመጋቢት ወር ጀምሮ በተቀዱት ላይ ታስላለች። የመጨረሻው ቅጂ ከተቀዳ ሁለት ዓመት ሆኖታል። «ማማ፣ ነገ ደግሞ...» ትላለች፤ እዚያ ላይ ይቋረጣል።

«የሰው ቤት ተዘርፎ ነው» አለች ሀኒ። «ከዚህ በኋላ የሌለው ለዚያ ነው። እናትየው ይሄን ስትፈልግ ስንት ጊዜዋ ይሆን?»

ደበበ እንደዚያ መሰለው። ወይም እንደዚያ ቢሆን ወደደ።

ዲስኩ ሰርቨሯ ውስጥ ሳይገባ ሳምንት አለፈ። ሀኒ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ስትሆን ቅጂዎቹን መክፈት ጀመረች። ደበበ ከሥራ ሲመለስ የልጅቷን ድምፅ ከግቢው በር ጀምሮ ይሰማል። ወደ ገዛ ቤቱ መግባት ያስፈራው ጀመር፤ ጫማውን በረንዳ ላይ ቀስ ብሎ አውልቆ ይቆማል። አንድ ቀን እንደቆመ፣ ልጅቷ ከውስጥ «ማማ፣ አለሽ?» ስትል ሰማ።

«አለሁ» ብላ መለሰችላት ሀኒ።

የዚያን ዕለት ሊያጠፋው ተነሣ። ኮምፒውተሩ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀው። ጣቱን አንሥቶ፣ ሳያጠፋው ኮምፒውተሩን ዘጋው። ሰርቨሯ ላይ የተረፈው ዲስክ ደግሞ ቀይ መብራት ማብራት ጀምሯል።

በማግስቱ ደበበ ወደ ማሂር ሱቅ ሄደ፤ ሰላምታም አልሰጠውም።

«ከሌባ ነው የገዛኸው?»

«አጥፋው ብዬህ ነበር።»

«አንተ ራስህ ለምን አላጠፋኸውም ታዲያ?»

ማሂር ፊቱ ያለውን ኪቦርድ በእጁ መጥረግ ያዘ። ደበበ የጥፋተኛ ሁኔታ ነው ብሎ ጥሎት ወጣ።

ቤት ሲደርስ ሀኒ በሩ ላይ ጠበቀችው። እስከዚያ ቀን ያልከፈቱትን አንድ ቅጂ አግኝታ ነበር። ልጅቷ በቃላቸው እንዲይዙ እንዳስጠኗቸው ልጆች ትናገራለች።

«ስሜ ጀንነት ነው። እናቴ ዓቢዳ ትባላለች። ቤታችን ሎሎጎ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር። ከጠፋሁ እዚያ መልሱኝ።»

«ጎበዝ!» ይላል የሴት ድምፅ። «እስቲ ድገሚው።»

«ሰማህ?» አለች ሀኒ። «ራሷ እየለመነችን ነው።»

ደበበ ሰርቨሯን አየ። ከዚያ ያገለገለውን ዲስክ ከኮምፒውተሩ ነቀለው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ራክሻ በሚሏት ባጃጅ ተሳፍረው ሄዱ። ዝናቡ ገና ማቆሙ ስለነበር ከመስጊዱ ጀርባ ያለው መንገድ ጭቃ ነው። ሀኒ ዲስኩን በአዲስ ሻሽ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። አረንጓዴውን በር ሳይጠይቁ አገኙት።

የከፈተችላቸው ሠላሳን ያለፈች ቀጭን ሴት ናት።

«ዓቢዳ እርስዎ ነዎት?» አለ ደበበ።

«ነኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልን፣ ሳናስታውቅ መጣን። ሌባ የወሰደብዎትን ዕቃ ሳናውቅ ገዝተን ነው። የልጅዎ ድምፅ ያለበት ዲስክ ነው።»

ሀኒ ሻሹን ዘረጋችላት። ዓቢዳ እጇን አላነሣችም። የበሩን መቃን ያዘች።

«ሰማችኋት?»

«ሰማናት» አለች ሀኒ፤ ማልቀስ ጀምራለች። «ሁሉንም ሰማን።»

ዓቢዳ ዓይኖቿን ጨፈነች።

«ሌባ የለም፤ ከቀበርኳት በኋላ ማጥፋቱ ቢያቅተኝ የሸጥኩት እኔ ነኝ። ይዘውልኝ ሲመጡ እናንተ ሦስተኛ ናችሁ፤ ምነው አንዳችሁ እንኳ ብታጠፉልኝ!»