የአውራ ጣት ቀለም

የምክር አገልግሎቱ መምህር ውዳሴን አንድም ነገር አልጠየቃትም። ዓይነ ስውር ስለሆነች፣ የሚጠይቀው ትምህርት ቤቱ መሪ አድርጎ የሰጣትን ያምሮትን ነበር። «ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ቦይ ውስጥ ከወደቀች ወዲህ እንቅልፍ ይወስዳታል? ምግብ ትበላለች? ታለቅሳለች?» ያምሮት ለሁሉም «ደህና ናት፣ ጋሼ» ትላለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሏ ውዳሴ በመካከላቸው እንደ ዕቃ ተቀምጣ ጥርሷን ነከሰች።

«በይ እንግዲህ ምክር መውሰዷን በአሻራዋ ታረጋግጥልን፤ ቅጹ ለወረዳ ይላካል» አለና የውዳሴን አውራ ጣት ይዞ፣ ፊደል እንዳልቆጠረች ሁሉ፣ ቀለም ላይ ጫነው። ቀለሙ ቀዘቀዛት። እጇን መነጨቀችው። ከቦርሳዋ ብሬል የተባለውን የነጥብ ጽሑፍ የምትጽፍበትን ባለ ቀዳዳ ሰሌዳዋንና መውጊያዋን አወጣች፤ ቅጹን በዳበሳ ፈልጋ ሰሌዳው ውስጥ አስገባችና ትወጋው ጀመር። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አንድ መስመር ሞልታ ሌላ ጀመረች። ሦስተኛም ጨመረች። ቀለም የነካው ጣቷ ወረቀቱን አጨማለቀው።

መምህሩ ሳቅ አለ። «ስሟ ይኸን ያህል ረጅም ነው እንዴ?» ብሎ አሁንም ያምሮትን ጠየቀ።

«እኔን ይጠይቁኝ እንጂ፣ ጋሼ» አለች ውዳሴ። ቅጹን ከሰሌዳው አውጥታ ገለበጠችና ነጥቦቹን በጣቷ እየተከተለች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ አነበበችለት። «ቦይ ውስጥ የወደቅሁት በራሴ አይደለም። ‹መንገዱ ደልዳላ ነው፣ ተራመጂ› ብላ የመራችኝ ያምሮት ናት። ገበያው ውስጥ የነበሩት ልጆች ሲስቁ እሷም አብራ ስቃለች።»

ቅጹን ወደ መምህሩ ገፋችለት።

«ይበሉ፣ አሁን እሷን ይጠይቋት።»