ድምፄን ለታብሌቱ ከሰጠሁ ወዲህ

ኔትወርክ የሚባል ነገር እኛ ቆላ አይደርስም። የመንደሩ ልጆች ታብሌት በፀሐይ እየሠራ፣ ከመንደሩ የአንድ ሰው ድምፅ ተውሶ ነው የሚያስተምረው። የኔን መረጡ። እኔ የማላውቀውን ሒሳብ ሁሉ በኔ ድምፅ ያስተምራቸዋል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንበብም ቻሉ። ግን "እኔን ተከትላችሁ በሉ" እያለ ስላስለመዳቸው፣ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ይደግሙኛል።

ትናንት የመጨረሻዋን ልጄን ትርንጎን ዳርኩ። ሙሽሮቹ ጉልበቴን ስመው ለምርቃት ተንበረከኩ።

"እንደ አብርሃምና ሣራ ያኑራችሁ" አልኩ።

"እንደ አብርሃምና ሣራ ያኑራችሁ" አሉ ልጆቹ ከዳሱ ጥግ፣ በአንድ ድምፅ።

አዋቂው በሳቅ አሜን ማለቱን ረሳ። አሜን ያልተባለለት ምርቃት ደግሞ ለኔ ምርቃት አይደለም።

"ልጆች፣ አሜን በሉ እንጂ።"

"ልጆች፣ አሜን በሉ እንጂ።"

ትርንጎ ከቬሏ ሥር እየሳቀች፣ "እማ፣ በቃ በልብሽ መርቂኝ" አለችኝ።

የወለድኳትን እንዴት ዝም ብዬ ልሸኛት? መራቂ ለራሱ ምርቃት አሜን አይልም። እኔ ግን "ውለዱ፣ ክበዱ" ብዬ ጨረስኩና ራሴው "አሜን" አልኩ።

"አሜን" አሉ ልጆቹ፣ ዳሱ እስኪሞላ።

ሦስቴ አልኩት። ሦስቴ መለሱልኝ።