እንግዳ ያለበት ዓይን

ጎንደርን ለመጎብኘት በእግሩ የሚመጣ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ጎብኚው በአገሩ፣ በቤቱ ተቀምጦ የአስጎብኚን ዓይን ይዋሳል፤ እሷ ያየችውን ያያል፣ የሰማችውን ይሰማል። አትጠገብም አስጎብኚ ናት። ጉብኝቱ ሳያልቅ ዓይኗን ከጨፈነች የሥራ ፈቃዷን ትነጠቃለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለአንዲት የሩቅ አገር ሴት ፒያሳን ስታሳይ ጎረቤቷ ደወለችላት።

«አባትሽ መታጠቢያ ቤት ወድቀዋል፤ እኔን አትግቢ ብለውኛል። ቶሎ ድረሺ!»

ሮጣ ደረሰች። አቶ ደምለው እርጥቡ ወለል ላይ ራቁታቸውን ወድቀዋል። ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት ያሳለፉ፣ ያለ ኮት ከደጅ ወጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ኮቴዋን ሰምተው ፊታቸውን ሳያዞሩ፣

«ብቻሽን ነሽ ልጄ?» አሉ።

«ብቻዬን ነኝ አባዬ።»

ደግፋ አነሳቻቸው፤ አድርቃ በጋቢ ጠቀለለቻቸውና አልጋቸው ላይ አስቀመጠቻቸው። ይህን ሁሉ ስታደርግ ዓይኗን አንዴም አልጨፈነችም።

«ተባረኪ» አሉ እጇን ይዘው። «ሌላ ሰው ቢያየኝ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?»

አትጠገብ ከዚህ በላይ መቻል አቃታት። «አባዬ... እንግዳ አለች» አለች።

አቶ ደምለው ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ሳብ አድርገው ዓይኗን ትክ ብለው አዩ።

«እንደምን ዋሉ እመቤቴ» አሉ። «ቤታችንን በዚህ ሁኔታ ስላገኙት ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አትጠገብ ከሐፍረት የተነሳ አንገቷን ልትደፋ ነበር። ግን አባቷ እንግዳ እያነጋገሩ ነውና፣ ተናግረው እስኪጨርሱ ቀና ብላ አየቻቸው።